ሳናን ሌባ ያልኩበት ኮረብታ

ትዕዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሻምበላችን ኮረብታውን ከሌላ ሻምበል ተረክቦ እንዲይዝ፣ ሌላ ትዕዛዝ እስኪመጣም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንዳይል የሚል ነበር። አሥር ሰዓት ላይ መውጣት ጀመርን። ጀምበር ስትጠልቅ ጫፉ ላይ ነበርን። የተካናቸው ሰዎች በአጠገባችን ሲወርዱ አንዱ ቆም ብሎ፣ «ጥይት አታስቡ፤ ውሃ አስቡ» ብሎን አለፈ።

ኮረብታው ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ሣር የለው፣ ጥላ የለው፤ ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው። እኔ ሶዶ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር፣ የምንጭ ድምፅ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ተራራ ሆኖ ውሃ የሌለው ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ይህን የምጽፈው ለልጆቼና ለእነሱ እኩዮች ነው። በሰሜን ድንበር ከጎረቤታችን ጋር የተዋጋንበትን ጦርነት እነሱ በወሬ ነው የሚያውቁት። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች፣ «ጋሼ፣ ጌታ ከእሳት መካከል እንዴት እንዳወጣህ መስክርልን» እያሉ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስቱንም ጊዜ እንቢ አልኩ። ልጄ በመጨረሻ፣ «አባዬ፣ ፈርተህ ነው እንዴ?» አለኝ። በቤቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ነገር ግን ልጁን ልቆጣው አፌን ስከፍት እውነቱን መናገሩ ገባኝ። ፈርቼ ነበር። እዚያ ኮረብታ ላይ የሚመሰከርለት ሰው ነበረ። ያ ሰው ግን እኔ አይደለሁም።

ያን ጊዜ አሥር አለቃና የጓድ መሪ ነበርኩ። ከእኔ ጋር ዘጠኝ ነበርን። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ቃሉን በማንበብ፣ የሰው ደብተር በመዋስ ራሴን አስተማርኩ። አማርኛም የተማርኩት ከመጽሐፍ ስለነበር፣ ስናገር እንደማነብ ነው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ልማድ ነበረኝ፤ አሁንም አልተወኝም። ከማየው ነገር ሁሉ የእግዚአብሔርን ትምህርት እፈልጋለሁ። ጦሩ የሚበላውን ደረቅ ዳቦ፣ ኮቸሮውን፣ ይዤ ስለ ትዕግሥት አስተምር ነበር። በጥርስ የማይሰበር ነገር በአፍ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟል፤ የልብ ጥንካሬም እንዲሁ ነው እላቸው ነበር። ከጫማ ማሰሪያ፣ ከመወልወያ ዘንግ፣ ከምሽግ ድንጋይ፣ ከሁሉም አንድ ስብከት አወጣ ነበር። በዚህ የተነሣ «ፓስተር» ብለው ሰየሙኝ።

ስሙን ያወጣልኝ የአረካው ልጅ ሽፈራው ነው። የመትረየስ ተኳሻችን ነበር። እንደ እኔ ወላይታ፣ እንደ እኔ ጴንጤ ነው፤ እንደ እኔ ቁጡ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲያናፍስ፣ «ፓስተር፣ ዛሬ ካልሲዬ ምን ይሰብካል?» አለኝ።

«ንስሐ ግባ ይልሃል» አልኩት።

«እሱስ ቆይቷል ካለ። ውሃ ስጠኝና ላጥምቀው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ሳና ነበር።

ሳና የሁምቦ ሰው ነው። ሁምቦ የኛው ወላይታ ቢሆንም ቆላ ነው፤ ዝናብ የሚዘገይበት፣ አንዳንድ ዓመትም ጭራሽ የሚቀርበት አገር ነው። ሳና ኦርቶዶክስ ነበር። ማተቡ ከላብ የተነሣ ጠቁሮ ገመድ መስሏል። ከሽፈራው ጋር አንድ መትረየስ ይዘው በፈረቃ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ሽፈራው ሲተኩስ ሳና የጥይቱን ሰንሰለት ይመግበዋል። ሁለቱ በወላይትኛ ሲያወሩ ሌሎቹ፣ «ምን እያላችሁ ነው?» ካሉ ሽፈራው፣ «እናንተን እያማን ነው» ይላል። ሳናን «ታ ኢሻው» ይለዋል፤ ወንድሜ ማለት ነው።

ሳና ስለ ውሃ የሚያውቀውን እኛ አናውቅም ነበር። ውሃ የሚቀዳው ከኮረብታው በስተጀርባ ካለ ሸለቆ ነው። መውረጃው ግማሽ ሰዓት፣ መውጫው አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይ ሰማንያ እርምጃ ያህል ለጠላት የተጋለጠ ቦታ አለ። ሌላው ሰው በክፍት ባልዲ ሲያመጣ ሩቡን መንገድ ላይ ይደፋዋል። ሳና ግን ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ ውሃው ላይ ያንሳፍፋል፤ እየሮጠ እንኳ ቢመጣ ጠብታ አይፈስበትም። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ቅጠሉ ውሃውን ያረጋጋዋል» አለኝ። እኔ ወዲያው ስለ መንፈስ እርጋታ አስተማርኩበት። እሱ ባልዲውን አስረክቦኝ ሊተኛ ሄደ።

ውሃውን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። መቶ አለቃው፣ የጋንታችን መሪ፣ «አንተ አማኝ ነህ፤ ጀሪካኑ ካንተ እጅ አይውጣ» ብሎ አደራ ሰጥቶኝ ነበር። መቶ አለቃው ቃል የማያበዛ የሰሜን ሸዋ ሰው ነው። የቲማቲም ጣሳ መስፈሪያ አደረግሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ። ከሰፈርኩ በኋላ የቀረውን ልክ በጀሪካኑ ላይ በከሰል አሰምራለሁ። በዚህ ሥራ እኮራ ነበር። ኩራቴን ታማኝነት እለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ጀሪካኑ የተቀመጠበት የድንጋይ ጥላ ሥር ጉንዳኖች ተሰልፈው አየሁ። ረጅም፣ ያልተዛነፈ ሰልፍ ነበር። ሰዎቹን ጠራኋቸው። ጠቢቡ ታካቹን ሰው ወደ ጉንዳን የላከው ለምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። አለቃ ሳይኖራቸው ይታዘዛሉ፣ ቀስቃሽ ሳይኖራቸው ይሠራሉ አልኩ።

«እነሱ ግን ኮቸሮ አይበሉም» አለ ሽፈራው። «ይቀያይሩን እስቲ።»

ጉንዳኖቹ እዚያ ምን እንደሚፈልጉ ማናችንም አልጠየቅንም። ሳና ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነበር።

አምስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ጠዋት ሰፈርኩ፣ አሰመርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ ውሃው ከመስመሩ አራት ጣት ወርዷል። የቀረው ከነገ ጠዋቱ ድርሻ አያልፍም። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከጠላት በኩል እንቅስቃሴ አለ ተብሎ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ ሸለቆው መውረድ ለሁለት ቀን ተከልክሏል። ደሜ ፈላ። የእያንዳንዱን ሰው ምሽግ ፈተሽኩ።

የሰዎቹ ኮዳ ሁሉ ደረቅ ነበር። ከጠዋቱ ድርሻቸው በዚያ ሐሩር እስከ ቀትር ያቆየ የለም። የሳና ኮዳ ቀደም ብሎ በፍንጣሪ ተበስቶ ስለነበር በአንዲት ፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር የሚጠቀመው። ጠርሙሷን በሁለት ድንጋዮች መካከል፣ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ በላይዋ ቅጠል ተከድኖባት አገኘኋት። እስከ አንገቷ ሙሉ ነበረች።

ሁሉንም ከቋጥኙ ጀርባ ሰበሰብኳቸው። ጠርሙሷን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ከዚያም ከምርኮው ሰርቆ በድንኳኑ ውስጥ ስለቀበረው፣ በእሱም ኃጢአት ሠራዊቱ ሁሉ ድል ስለተነሣበት ሰው ነገርኳቸው። ታሪኩን በደንብ አውቀው ነበር። በደንብም ተረክሁት። ስጨርስ ጣቴን ወደ ሳና ዘረጋሁ።

«አልሰረቅሁም» አለ ሳና።

«ታዲያ ይህ ከየት መጣ?»

«ድርሻዬ ነው።»

«ድርሻህን ጠዋት አልጠጣህም?»

አየኝ። አፉን ሊከፍት ሲል ተወው። ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ያንን ዝምታ እንደ ጥፋተኛ ሰው ዝምታ አነበብኩት። የጠርሙሷን ውሃ በሰዎቹ ፊት ወደ ጀሪካኑ ገለበጥኩት። ውሃው ሲንቆረቆር ሳና ቆሞ አየ።

ሽፈራው በወላይትኛ፣ «አሰደብከን። ሰባት ሰው ፊት ወላይታን አሰደብክ» አለው። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አሥር አለቃ፣ ከሌባ ጋር መትረየስ አልይዝም፤ ሌላ ስጠኝ» አለኝ። ፓስተር አላለኝም። በሳና ቦታ ከድርን ተካሁለት። ከድር የአርሲ ልጅ ነው፤ ጥሩ ወታደር ሆኖ መትረየስ ግን ነክቶ አያውቅም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ለመቶ አለቃው ሪፖርት ጻፍኩ። በግንባር ውሃ መስረቅ ቀላል ጥፋት አይደለም። ሳና ታስሮ ወደ ኋላ እንደሚወርድ አውቅ ነበር። አንድ ፊደል እንዳላዛባ ተጠንቅቄ ጻፍኩ።

መቶ አለቃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየተሳበ መጣ። ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አሥር አለቃ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ረቡዕ።»

«ምን ረቡዕ?»

አምስተኛው ቀናችን ነው አልኩት። ሳናን ወደ እኛ ጠራው። «አንተ፣ ከሰኞ ጀምሮ እየጾምክ ነው?»

ሳና እኔን አየኝና፣ «አዎ፣ ጌታዬ» አለ።

«ቄሱ ሜዳ ላይ ላለ ወታደር ፈትተዋል እኮ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። እኔ ነኝ ያልፈታሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ብቻ ነው፤ ሥራዬን አላጓደልኩም።»

ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ከእኛ መካከል ቀን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ሁዳዴ የማይጾምበት ቤት ውስጥ ስላደግሁ፣ ሰው ሙሉ ጠርሙስ አጠገቡ አስቀምጦ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥሙን ሊይዝ እንደሚችል አላሰብኩም። ጨርቁና ድንጋዩም መደበቂያ አልነበሩም። በሁምቦ ውሃ የሚቀዘቅዘው እንደዚያ ነው፤ ከጥላ ገብቶ፣ ተጠቅልሎ። ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ የሚጠጣውን ግን እኔ ገልብጬበታለሁ። መቶ አለቃው የራሱን ኮዳ ሰጠው። ሳና አማተበ፣ አንድ ጉንጭ ያዘና መለሰለት።

መቶ አለቃው ከዚያ ጀሪካኑን አነሣ። ሥሩ ያለው አፈር ረጥቧል። ጉንዳኖቹ አሁንም እንደተሰለፉ ነበሩ።

«እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለኝ።

ትናንት በእነሱ ላይ ስብከት የሰበክሁት እኔ አሁን ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ጀሪካኑን ገለበጥነው። በግርጌው በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው። ሳና የሳሙና ቁራጭ አምጥቶ ስንጥቁ ላይ እየፈተገ ደፈነው። ለሌላ ሰው ጀሪካን የሚሠራ ይመስል አንድ ቃል ሳይናገር ሠራው።

መቶ አለቃው ሪፖርቱን መለሰልኝ። «አንተ የጻፍከውን አንተ ቅደደው። ጓዱ ፊት ያልከውን ጓዱ ፊት መልስ።»

«እሺ። ነገ ጠዋት ውሃ ሲታደል፣ ሁሉም ሲሰበሰቡ እናገራለሁ።»

«ነገ?» አለ። ሌላም ሊል ነበር፤ የሬዲዮ ሠራተኛው ጠራውና ሄደ።

የሳናን ድርሻ መልሼ ሰፈርኩለት። ጠርሙሷን ስሰጠው፣ «ለምን አልተናገርክም? ጾም ላይ ነኝ ብትል ያበቃ ነበር» አልኩት።

ጠርሙሷን ተቀበለኝ። «አንተ አይደለህ እንዴ ባለፈው እሑድ ያነበብክልን? ስትጾሙ ለሰው እንዳትታዩ፣ አባታችሁ ብቻ ይወቀው የሚለውን። ጥሩ ነገር ነው ብዬ ያዝኩት።»

ልጆቼ፣ ያንን ቃል ለምን እንዳነበብኩት ልንገራችሁ። ኦርቶዶክሶቹን ለመውጋት ነበር። ጾማቸውን ለታይታ ነው ብዬ ልነካቸው ነበር። ሳና ነገሩን እንደ ስድብ አልወሰደውም። እንደ ቃል ወስዶ ኖረበት። ሌባ ከሚባልና ጾሙን ከሚያወራ የቱን እንደሚመርጥ በሰባት ሰው ፊት ተጠየቀ፤ መረጠም። እኔ ከካልሲና ከኮቸሮ ትምህርት እቆፍር ነበር። እሱ ተቆፍሮ የወጣውን ወስዶ ያለ ድምፅ ሠራበት።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ይቅር» አለኝ።

በዚህ ግማሹ ዕዳ የወረደልኝ መሰለኝ። አልወረደም። በጆሮ የተነገረ ይቅርታ በጉባኤ የተነገረን ስም አያነጻም። የሽፈራው ምሽግ ከእኔ አርባ እርምጃ ይርቃል። መሄድ እችል ነበር። ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። በአንደኛው መሣሪያዬ አቧራ ይዟል ብዬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ደግሞ ሁሉም ባሉበት ቢሆን ይሻላል ብዬ ተመለስኩ። ምክንያቱ ሁለቱም አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ፊት ጣቴን ዘርግቼ ነበር፤ ያን ጣት እያዩ ሲስቁብኝ ማየት አልፈለግሁም። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃው በየምሽጉ ይዳረስ አልኩና ራሴ አዳረስኩ። ሽፈራው ጋ ስደርስ ጣሳውን ተቀበለኝ። «ሌባችሁ አልታሰረም እንዴ?» አለኝ። «ነገ ጠዋት እናያለን» አልኩት።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድፍ መታን። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ድንጋዩ ራሱ ፍንጣሪ ሆነብን። መድፉ ሲያቆም እግረኛው መጣ። በግራችን በኩል፣ በደረቁ ቦይ ውስጥ ነው የመጡት። ቦዩ የሽፈራው መትረየስ የሚቆጣጠረው ቦታ ነበር።

መትረየሱ ተኮሰ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ እንደገና ተኮሰ፣ እንደገና ቆመ። ሰንሰለቱ እየተጣመመ ይነክስ ነበር። ከድር አላጠፋም፤ የማያውቀውን ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሳና ቀድሞ ከድር ከነበረበት ከቀኝ ጫፍ ሆኖ ድምፁን ሰማ። ቦታህን ልቀቅ አላልኩትም። ተነሥቶ በጀርባችን በኩል በደረቱ እየተሳበ ሄደ። እሱ ሲደርስ ከድር ሞቷል፤ ሽፈራው ደረቱን ተመትቷል። ሳና መትረየሱን ብቻውን ያዘ። አንድ እጁ ቃታው ላይ፣ አንዱ ሰንሰለቱ ላይ ነበር። ቦዩ ዝም አለ።

በሁለተኛው ሙከራቸው በመሐል በኩል መጡ። እኔ ወደ መትረየሱ ቀረብኩ፤ ከሳና አሥር እርምጃ ያህል ነበርኩ። ተስፋዬ ከጎኔ ወደቀ። አያሌው ቦምብ ሊወረውር እንደተነሣ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ቆስለው ተጎትተው ከመስመሩ ወጡ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ ኋላ አሉ።

ፋታ ስናገኝ ሳና ሽፈራውን ደግፎ አስቀመጠው። ሽፈራው ውሃ ጠየቀ። ሳና ጠርሙሱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ትናንት ከሰፈርኩለት ግማሹ ነበረው። ወደ ሽፈራው አፍ አስጠጋ።

ሽፈራው ራሱን ዘወር አደረገ። «የማን ውሃ ነው?» አለ።

ሰማሁት። አሥር እርምጃ ነው። የሱ ነው፣ ሳና አልሰረቀም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ መጮህ እችል ነበር።  ቃሉን ለጠዋት አዘጋጅቼው ነበርና ጠዋት የሆነ አልመሰለኝም። አፌን ስከፍት ሳና ቀደመኝ።

«ያንተ ነው» አለው ሳና። «ድርሻህ ነው፣ ታ ኢሻው። ጠጣ።»

ሽፈራው ጠጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሳና ዓይኑን ከደነለትና ወደ መትረየሱ ተመለሰ።

አንድ ሰዓት ላይ ውሃ የማድልበት ጊዜ ደረሰ። ጀሪካኑ ከመስመሩ አልወረደም ነበር፤ የሳና ሳሙና ይዞታል። ጣሳውን አነሣሁ። ከዘጠኛችን የቀረነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሳና፣ እና በላይ የሚባል ልጅ። እዚያ ቆሜ ነገ ያልኩትን ተናገርኩ። ሳና ጾመኛ ነው፣ ውሃው የራሱ ነው፣ ያፈሰሰው ጀሪካኑ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ለሰባት ሰው የተነገረውን ስመልስ የሰማኝ በላይ ብቻ ነበር። እሱም ጆሮው በመድፉ ደንቁሮ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ሳና፣ «አሥር አለቃ፣ ስበክና አድል፤ ውሃው እየሞቀ ነው» አለኝ።

የእሱን ድርሻ ስሰጠው ለዘጠኝ ሰዓት ብሎ ጠርሙሱ ውስጥ ገለበጠው።

ጦርነቱ አብቅቶ ስመለስ ሶዶ ገበያ አጠገብ የእንጨት ሥራ ከፈትኩ። አግብቼ እናንተን ወለድኩ። ለሞቱት ቤተሰቦች መርዶው በወግ እስኪነገር ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ከተነገረ በኋላ ሚኒባስ ይዤ አረካ ወረድኩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሽፈራው አባት ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ስለ ልጃቸው አሟሟት፣ የለበሰው ልብስ ሳይቀር፣ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ልጄ በማን እጅ ሞተ?» አሉኝ።

«በሳና። የሁምቦ ሰው ነው።»

«ጥሩ ሰው ነው?»

በዚያ ማብቃት ይቻል ነበር። አዎ ብዬ መነሣት። ልጆቼ፣ ከጦርነቱ ሁሉ የከበደኝ ያቺ ጥያቄ ናት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉንዳኖቹን፣ ጠርሙሱን፣ ጣቴን፣ «የማን ውሃ ነው?» ያለውን። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እንግዲህ ልጄ ሌባ እጅ ላይ የሞተ መስሎት ሞተ» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ይህን ለእኔ ብቻ አትንገረኝ። ለብዙ ሰው የተባለ ነገር ለአንድ ሰው አይመለስም፤ ጎሜ ነው።»

ጎሜ አባቶቻችን ያልተናዘዙት ጥፋት በቤትና በልጅ ላይ ይመጣል የሚሉት ነገር ነው። እኛ ወንጌል ከተቀበልን ወዲህ ትተነዋል እንል ነበር። ሽማግሌውም አማኝ ናቸው፤ ግን የሚበልጥ ቃል አላገኙለትም፤ እኔም አላገኘሁለትም። በሳምንቱ ከሁምቦ ሳናን ይዤ መጣሁ። እሱ «ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል፣ የምተዳደርበትን ጋሪ ጥዬ» እያለ በግድ ነው የመጣው። ሽማግሌው ጎረቤቱን ሰብስበው ጠበቁን። ቆሜ ተናገርኩ። ስጨርስ ሽማግሌው ተነሥተው ሳናን ከጎናቸው፣ ልጃቸው ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አስቀመጡት። ለእኔ የበሩን አጠገብ አሳዩኝ። ተገቢ ነበር።

ሳና ዛሬም ሁምቦ አለ። ራቁታቸውን የነበሩት የሁምቦ ኮረብታዎች አሁን ዛፍ ለብሰዋል፤ እሱም ከጠባቂዎቹ አንዱ ነው። ምስክርነት የምትፈልጉ ወጣቶች እሱ ዘንድ ሂዱ። ስለ ጾሙ ብትጠይቁት አይነግራችሁም። አብራችሁት ዋሉ፤ ይበቃችኋል።

እኔ አሁንም ከማየው ሁሉ ትምህርት እፈልጋለሁ። ክፉ ልማድ አይደለም። ግን ቀድሜ ነገሩን ራሱን አያለሁ፤ ጉንዳን ሳይ፣ እዚህ ምን ፈልገህ መጣህ ብዬ እጠይቃለሁ። ልጄ ሲያጠፋም ጣቴን ከመዘርጋቴ በፊት እጠይቀዋለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ እናንተ ታውቃላችሁ።

የቀሩትን የሦስቱን ሟቾች ቤት ግን አላገኘሁም። በተወለዱበት ክፍለ ሀገር እንጂ በቀበሌያቸው አላውቃቸውም። ሁለቱ ቁስለኞች ወዴት እንደሄዱም አልሰማሁም። ያለኝ ብዕር ብቻ ስለሆነ በብዕር እናገራለሁ፤ ይህ ወረቀት ምናልባት ከሚያውቃቸው ሰው እጅ ይገባ ይሆናል።

ከጓዳችን ዘጠኝ ሰዎች በዚያ ጠዋት አራት ሞቱ። ሽፈራው፣ የአረካ። ከድር፣ የአርሲ። ተስፋዬ፣ የወሎ። አያሌው፣ የጎጃም። አራቱም ቦታቸውን ሳይለቁ ሞቱ። አራቱም በእኔ ቃል የተነሣ፣ ሳና የጓዱን ውሃ ሰርቋል ብለው እያመኑ ሞቱ።

አልሰረቀም።